የፒክአፑ ጫፎች የት ሄዱ? ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሽቦ ዝርጋታና ስዊቾች

ጊታሩ ላይ ተጨማሪ ስዊች ለመግጠም የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከዲያግራም ይጀምራል። አንድ ሥዕል ያገኛል፣ ቀለሙን እያየ ሽቦዎቹን ይበይዳል፣ ሲጨርስ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ካልሠራ የት ጋ እንደተበላሸ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቢሠራም ድምጹ ለምን ቀጠነ ወይም ለምን ወፈረ ብትሉት መልስ የለውም። የዛሬው ንግግር ዓላማ ዲያግራሙን ራሳችን መሣል እንድንችል ነው። የሚያስፈልጉን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛ፣ በፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ዕቃ) ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥምጥም፣ ሁለት ጫፍ አለው፤ እነዚያ ጫፎች የት ሄዱ? ሁለተኛ፣ ሁለት ኮይሎች አብረው ሲሠሩ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚገባው ጉምጉምታ ይጣፋል ወይስ ይደመራል? በገበያ ላይ ያለ ማንኛውም የስዊች አማራጭ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው።

ከኮይሉ እንጀምር። ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ጊታር ዓይነት ፒክአፕ ላይ ሽቦው 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሲሆን ወደ 8,000 ዙር ይጠመጠማል፤ በመልቲሜትር ሲለካ 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ብዙ ሰው ይህን የኦም ቁጥር የፒክአፑ ጉልበት አድርጎ ይወስደዋል። ቁጥሩ ሽቦው አለመበጠሱን ይነግረናል፣ ፒክአፕ ከፒክአፕ ለመለየትም ይጠቅማል። የድምጹን ጠባይ ይበልጥ የሚወስነው ግን የኮይሉ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የጅረትን ለውጥ የመቃወም ጠባዩ፣ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ነጠላ ኮይል 2.5 ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው እንበል። ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ኬብል ደግሞ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የማጠራቀም አቅም) ስለሚኖረው 5 ሜትር ኬብል 500 ፒኮፋራድ ይሆናል። ኮይሉና ኬብሉ ሲገናኙ 4,500 ሄርትዝ አካባቢ ድምጹን ከፍ የሚያደርግ ጉብታ ይፈጥራሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ትሬብል (ቀጭኑ የድምጽ ክፍል) በፍጥነት ይወድቃል። አሁን ሁለት እንዲህ ያሉ ፒክአፖችን፣ የአንገቱንና የብሪጁን (ክሮቹ በታች በኩል ከሚያርፉበት ክፍል አጠገብ ያለውን)፣ በተከታታይ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትለን፣ ብናገናኛቸው ኢንዳክታንሱ 5 ሄንሪ ይሆናል፤ ጉብታውም ወደ 3,200 ሄርትዝ ይወርዳል። በትይዩ፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ብናገናኛቸው ኢንዳክታንሱ 1.25 ይሆንና ጉብታው ወደ 6,400 ይወጣል። ተከታታይ ወፍራምና ጮክ ያለ፣ ትይዩ ጥርት ያለና ቀለል ያለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፒክአፖቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ጫፎቻቸው የተገናኙበት መንገድ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ፖት፣ ማለትም በጊታሩ ቁልፍ ስለሚዞረው ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ ልበል። የቮልዩምና የቶን ፖቶች በኮይሉ ላይ ያረፉ ሸክሞች ናቸው። 250 ኪሎ ኦም ፖት ጉብታውን ዝቅ ያደርገዋል፣ 500 ኪሎ ኦም ይበልጥ ይተወዋል። ለነጠላ ኮይል 250፣ ለሃምባከር (ሁለት ኮይል ላለው ፒክአፕ) 500 የሚባለው የቆየ ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። ሃምባከርና ነጠላ ኮይል ባሉበት ጊታር ላይ 500 አስገብታችሁ፣ ነጠላው ከበዛበት ከእሱ ሲግናል ጫፍ (ድምጹ ከሚወጣበት) ወደ ግራውንድ (ወደ ጋራ መመለሻው) 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብትበይዱለት ለእሱ ብቻ 250 ገደማ ሆኖ ይታየዋል። ሬዚስተሩ ግን ከስዊቹ በፊት መሆን አለበት፤ ከስዊቹ በኋላ ከተበየደ ሁሉንም ፒክአፖች ይነካል።

አሁን ወደ ጉምጉምታው እንምጣ፤ ባለሙያዎች ሃም የሚሉት ነው። ከግድግዳው ኤሌክትሪክ፣ ከትራንስፎርመርና ከመብራት የሚመጣ፣ በ50 ወይም በ60 ሄርትዝና ከዚያ በላይ ባሉት ብዜቶች የሚሰማ ድምጽ ነው። ይህችን አረፍተ ነገር ያዙልኝ፦ ሃም የሚለየው የጥምጥሙን አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የክሩ ድምጽ ግን ጥምጥሙንም ማግኔቱንም ይለያል። ስለዚህ ሁለት ኮይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጠመጠሙና ማግኔታቸውም ከተገላበጠ፣ የክሩ ድምጽ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ወደ ነበረበት ይመለስና ይደመራል፤ ሃሙ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተገለበጠ ይጣፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በጊታር ፋብሪካው ጊብሰን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር የነደፈው ሃምባከር በዚህ መርህ ላይ የቆመ ነው። በብዙ አዳዲስ ስትራቶካስተሮች ላይ የመሃሉ ፒክአፕ ተገልብጦ የሚሠራውም ለዚሁ ነው፤ በባለ አምስት ቦታው ስዊች 2ኛና 4ኛ ቦታ፣ የመሃሉ ከሌላ አንድ ፒክአፕ ጋር ሲሠራ፣ ሃም የሚቀንሰው ስለዚህ ነው።

ሃምባከር እንግዲህ ሁለት ኮይል ነው፣ አራት ጫፍ አለው። በድሮው አሠራር ሁለቱ ጫፎች ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተው ስለሚቀሩ የሚወጣው አንድ የሲግናል ሽቦና አንድ ግራውንድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፒክአፕ ለመክፈል፣ ማለትም ከሁለቱ ኮይሎች አንዱን ብቻ ለማሠራት፣ ስዊች መግዛት ብቻውን አይረዳም፤ ፒክአፑ ተከፍቶ አራቱም ጫፎች መውጣት አለባቸው። የኮይሉ ሽቦ ከጸጉር የቀጠነ ስለሆነ ይህ ሥራ በቀላሉ ፒክአፕ ይገድላል፤ ለለመደ ሰው ተዉት። ባለ አራት ሽቦ የሆነው ግን አራት ባለቀለም ሽቦና አንድ እርቃኑን የሆነ የመከለያ ሽቦ ይዞ ይመጣል።

ቀለሙ በየፋብሪካው ይለያያል። በሲይሞር ደንከን ጥቁሩ ሲግናል፣ አረንጓዴው ግራውንድ፣ ቀዩና ነጩ ደግሞ እርስ በርስ የሚገናኙት ናቸው። በዲማርዚዮ ቀዩ ሲግናል፣ አረንጓዴው ግራውንድ፣ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙት ናቸው። በአንዱ ዲያግራም የሌላውን ፒክአፕ የሚበይድ ሰው ጫፎቹን አዛብቶ ወይ ቀጭን ድምጽ ወይ ዝምታ ያገኛል። የማታውቁት ፒክአፕ ሲገጥማችሁ ቀለሙን ትታችሁ መልቲሜትር ያዙ፦ ከአራቱ ሽቦዎች እርስ በርስ 4 ኪሎ ኦም ገደማ የሚያሳዩት ጥንዶች የአንድ ኮይል ሁለት ጫፎች ናቸው። ከዚያ አቅጣጫቸውን ለማወቅ መልቲሜትሩ በኦም እንዳለ የብረት ካቻቢቴ ከአንዱ ኮይል አናት ላይ አሳርፋችሁ በፍጥነት አንሱት። ቁጥሩ ለቅጽበት ይዘላል ወይም ይወርዳል። በሁለተኛው ኮይል ላይ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ እስክታዩ ድረስ የመልቲሜትሩን ሁለት ሽቦዎች ቀያይሩ። አቅጣጫው ሲመሳሰል በቀዩ መልቲሜትር ሽቦ የተያዙት ሁለቱ ጫፎች የየኮይሎቻቸው አቻ ጫፎች ናቸው። በመርፌ የሚሠራ የድሮ ቴስተር ካላችሁ እንቅስቃሴው ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ከሁሉም የሚጠቅመውን ስዊች በቅርብ እንየው፦ ባለ ስድስት እግሩን፣ በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት እግር ያለውን። የመሃል እግሮቹ ሁለቱ መነሻዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዓምድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካለው እግር ጋር ይገናኛሉ። በደንከን ቀለም እንነጋገር። ነጩን ወደ ግራው የመሃል እግር፣ ቀዩን ወደ ቀኙ የመሃል እግር በይዱ። ሁለቱን የላይ እግሮች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ አገናኙ። የግራውን የታች እግር ወደ ግራውንድ ውሰዱ። የቀኙን የታች እግር ከጥቁሩ ጋር አድርጋችሁ ወደ ቮልዩም ውሰዱ። አረንጓዴውና እርቃኑ ሽቦ ወደ ግራውንድ ይሄዳሉ። አለቀ። መሃሎቹ ከላይኞቹ ጋር ሲገናኙ ነጭና ቀይ በአጭሯ ሽቦ ይገናኛሉ፣ ፒክአፑ ተከታታይ ነው። ከታችኞቹ ጋር ሲገናኙ ነጩ ግራውንድ፣ ቀዩ ሲግናል ይሆናሉ፣ ፒክአፑ ትይዩ ነው። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ በትናንሾቹ ዘንግ ስዊቾች ላይ ዘንጉ ወደ ላይ ሲሆን የሚገናኙት የታች እግሮች ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ስዊቹ ተበላሽቷል ብሎ ይነቅለዋል።

ይኸው ዝርጋታ አንድም ሽቦ ሳይቀየር፣ በስዊቹ ቦታ ባለ ሦስት ማረፊያ ኦን-ኦን-ኦን ስዊች ቢገባ ሦስት ድምጽ ይሰጣል። በመሃል ማረፊያ ላይ አንዱ ዓምድ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገናኛል። በዚያን ጊዜ ከሁለቱ ኮይሎች አንዱ ብቻ መንገድ ያገኛል፣ ሌላው አንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ማለትም ፒክአፑ ተከፍሏል። የትኛው ኮይል እንደሚቀር የሚወሰነው በስዊቹ የውስጥ አሠራር ነው፤ ሌላኛውን ከፈለጋችሁ ስዊቹን 180 ዲግሪ ማዞር ብቻውን አይበቃም፣ የሁለቱን ዓምዶች ሽቦዎች ማለዋወጥ ያስፈልጋል። ሲገዙ ግን ከኦን-ኦፍ-ኦን ጋር እንዳይምታታ። የሁለቱ መልክ አንድ ነው፤ ኦን-ኦፍ-ኦን በመሃል ማረፊያው ላይ ሁሉንም ይለያያል፣ ጊታሩም ዝም ይላል። ከመበየዳችሁ በፊት መሃል ማረፊያ ላይ አድርጋችሁ በመልቲሜትር ፈትሹት።

ስለ መክፈል ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ሃምባከር መክፈል በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሻለው ምርጫ ትይዩ ነው። ሲከፈል ድምጹ ይቀንሳል፣ ሃሙ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ የቀረው ኮይል ደግሞ ለብቻው እንዲሠራ ተብሎ ያልተጠመጠመ ስለሆነ ቀጭን ይሆናል። ትይዩ ተመሳሳይ ጥራትና ጥርት ይሰጣል፣ ሃሙንም አጥፍቶ ይቆያል። መክፈል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አንድ ትንሽ ሬዚስተር ነገሩን ያሻሽለዋል። የኮይሎቹን መገናኛ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ከመላክ ይልቅ በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ላኩት። የሁለተኛው ኮይል ጥቂት ድምጽ ይቀራል፣ የቤዙ አካል ይመለሳል፣ ከሃሙም የተወሰነው ይጠፋል። ወፍራም ጥምጥም ባለው ፒክአፕ ላይ ቁጥሩን ከፍ እያደረጉ መሞከር ነው። ሁለት ሃምባከር አንድ ላይ ስትከፍሉ ደግሞ ከአንዱ የብሎን ኮይሉን፣ ከሌላው የጠፍጣፋ ምሰሶውን ኮይል አስቀሩ። ፒክአፖቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለቱ የተገላበጡ ስለሚሆኑ በመሃሉ ቦታ ላይ ሃም አይኖርም።

የፌዝ ስዊች፣ ማለትም የፒክአፑን ሁለት ጫፎች የሚያለዋውጠው፣ ያው ባለ ስድስት እግር ነው። የፒክአፑ ሁለት ጫፎች በመሃል እግሮች ላይ ይገባሉ፤ የላይ ግራው ከታች ቀኙ፣ የላይ ቀኙ ከታች ግራው ጋር በመስቀል ይገናኛሉ፤ ከላይ ካሉት ሁለት እግሮች አንዱ ወደ ሲግናል፣ ሌላው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ፌዝ መገልበጥ ለአንድ ፒክአፕ ብቻውን ሲሠራ የሚሰማ ለውጥ የለውም፤ ለውጡ የሚሰማው ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲሆኑ ነው። የሁለቱ የጋራ ድምጽ፣ በተለይ ቤዙ፣ ይጣፋና ቀጭን አፍንጫዊ ድምጽ ይቀራል። ሁለቱም ቮልዩም ሙሉ ሲሆኑ ድምጹ በጣም ይሳሳል፤ ከአንዱ ቮልዩም ትንሽ ስትቀንሱ አካሉ ይመለሳል። ሌስ ፖል በሚባለው የጊብሰን ጊታር ላይ ፌዝ ጥሩ የሚሆነው ሁለት ቮልዩም ስላለ ነው። የጊታር ተጫዋቹ የፒተር ግሪን ሌስ ፖል ዝነኛ የመሃል ድምጽ ስዊች እንኳን የለውም፤ የአንገቱ ፒክአፕ ማግኔት ተገልብጦ ስለነበር ነው። የሃምባከር ሁለት ኮይሎች በውስጣቸው ሃሙን ስለሚያጣፉ እዚያ ላይ ፌዝ ቢገለበጥም ሃም አይመጣም። በስትራቶካስተር ግን የመሃሉን ፒክአፕ ፌዝ ከገለበጣችሁ የነበረው ሃም ማጥፋት ይበላሻል፤ ቀደም ብለን ያልነው ነው፣ ሃም ማግኔቱን አይለይምና።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት የብረት ሽፋኑን ነው። በሌላው የፌንደር ጊታር፣ በቴሌካስተር፣ የአንገት ፒክአፕ ላይ የብረት ክዳኑ ከፒክአፑ የግራውንድ ጫፍ ጋር በአጭር ሽቦ ተበይዷል። በተለመደው ዝርጋታ ችግር የለውም። ፌዝ ሲገለበጥ ወይም ፒክአፑ ለተከታታይ ሲዘረጋ ግን ያ ጫፍ ሲግናል ይሆናል፤ ክዳኑም አብሮ ሲግናል ይሆንና እንደ አንቴና ሃም ይሰበስባል፣ እጅ ሲነካውም ይጮኻል። መፍትሔው አጭሩን ሽቦ ቆርጦ፣ ከክዳኑ ላይ ለብቻው ሦስተኛ ሽቦ አውጥቶ በቋሚነት ወደ ግራውንድ መበየድ ነው። ይህ ከተሠራ በኋላ ባለ አራት ቦታ ስዊች ማስገባት ይቻላል፦ ብሪጅ፣ ሁለቱም በትይዩ፣ አንገት፣ ሁለቱም በተከታታይ። አራተኛው ቦታ ሃምባከር የሚመስል ጮክ ያለ ድምጽ ይሰጣል፤ ከፊት ለፊቱ ምንም አዲስ ቀዳዳ አይጠይቅም። ለቴሌካስተር ከዚህ የተሻለ አንድ ለውጥ አላውቅም።

ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ስዊቹ ባለ ሦስት ቦታ ነበር። ተጫዋቾች ዘንጉን በሁለት ቦታ መሃል እያቆሙ ሁለት ፒክአፕ አብሮ ማሠራትን ለመዱ፤ ፌንደርም በ1977 ባለ አምስት ቦታውን መደበኛ አደረገው። በእሱም ቢሆን የአንገትና የብሪጅ ጥምረት፣ የሦስቱም አንድ ላይ መሆን አይገኝም። እነዚህን ለማግኘት የሚያስፈልገው ከቶን ፖቶች አንዱን ወደ ላይ በሚሳብ ፖት መቀየርና ሁለት ሽቦ መበየድ ነው። አንዱ ሽቦ ከስዊቹ ላይ የአንገት ፒክአፕ ከገባበት እግር፣ ሌላው ከስዊቹ መውጫ ይነሱና በሚሳበው ፖት ስር ባሉት ሁለት እግሮች ላይ ያርፋሉ። ሲሳብ የአንገቱ ፒክአፕ ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ይጨመራል። የአንገቱና የብሪጁ ኮይሎች በተለመደው አሠራር አንድ አቅጣጫ ስለሚጠመጠሙ በዚያ ጥምረት ሃም ይኖራል፤ ስህተት ሠርታችሁ አይደለም። ፖቱን ከመግዛታችሁ በፊት የጊታሩን ጎድጓዳ ጥልቀት ለኩ፤ የሚሳብ ፖት ከተራው በጣም ይረዝማል።

ቮልዩም ሲቀነስ ትሬብሉ አብሮ የሚጠፋው በፒክአፑና በኬብሉ መካከል የፖቱ ሬዚስታንስ ስለሚገባ ነው። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ በቮልዩም ፖቱ መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል 1,200 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና 130 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አድርጎ መበየድ ነው። ካፓሲተሩ ብቻውን ከገባ ቮልዩም ሲቀነስ ቤዙ ይጠፋና ድምጹ ይቆረቁራል፤ ሬዚስተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላው ምንም ዕቃ አይጠይቅም፦ የቶኑን ሽቦ ከቮልዩሙ መግቢያ እግር ነቅሎ ወደ መሃሉ እግር ማዞር ነው። ሌስ ፖሎች በ1950ዎቹ የተዘረጉት በዚህ መንገድ ነበር። ሁለቱን በአንድ ጊታር ላይ አታድርጉ፤ ትሬብሉ ከልክ በላይ ይሆናል። የቶን ካፓሲተር ለሃምባከር 0.022፣ ለነጠላ ኮይል 0.047 ማይክሮፋራድ የተለመደ ነው፤ ልዩነቱ የሚሰማው ቶኑ ሲዘጋ ነው እንጂ ሙሉ ሲከፈት አይደለም።

ሁለት ቮልዩም ባለው ጊታር ስዊቹ መሃል ሲሆን አንዱን ቮልዩም መዝጋት ሁለቱንም ይዘጋል። የመግቢያውንና የመሃሉን እግር ሽቦዎች ብታለዋውጡ ይህ ይቀራል፤ ቮልዩም ሲቀነስ የሚጠፋው ትሬብል ግን ይጨምራል። ሁለቱን ድምጾች የምትደባልቁ ካልሆናችሁ እንዳለ ተዉት።

ስለ ብየዳ ጥቂት። የእግሮቹ ብየዳ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሲቆይ የስዊቹ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ እግሩ ይላላል። የፖት ጀርባ ግን ሙቀት ስለሚበላ ትልቅ ጫፍ ያለው ብረት ያስፈልገዋል። በቀጭን ጫፍ ረጅም ጊዜ መያዝ ውስጡን ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ገጽታውን በአሸዋ ወረቀት ማሻሸት ጊዜውን ያሳጥራል። እርቃኑን የሆነው የመከለያ ሽቦ ከሌላ እግር ጋር እንዳይነካካ ናስትሮ ይጠቅለልበት። ተከታታይ ላይ ሳላችሁ ጊታሩ በድንገት እንደተከፈለ ሆኖ ቢቀጥን፣ ነጩና ቀዩ የተገናኙበት ቦታ ይህን ሽቦ ነክቶ ሊሆን ይችላል።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ኬብል ጃኩ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ቮልዩሙን ሙሉ አድርጋችሁ፣ በኬብሉ ሌላ ጫፍ መልቲሜትር ያዙ። 8 ኪሎ ኦም የሆነ ሃምባከር ከ500 ኪሎ ኦም ቮልዩም ጋር በተከታታይ 7.9 ገደማ፣ ሲከፈል 4 ገደማ፣ በትይዩ 2 ገደማ ማሳየት አለበት። 500 ኪሎ ኦም ካያችሁ የምታነቡት ፖቱን ብቻ ነው፤ ኮይሉ የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል። ዜሮ ካያችሁ ሲግናሉ ግራውንድ ነክቷል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ድምጹ ከቀጠነ ፌዙን ተመልከቱ፤ መልቲሜትር ፌዝን በቁጥሩ አይነግራችሁም። በመጨረሻ አምፕሊፋየር ላይ ሰክታችሁ ክሮቹን በእጃችሁ ንኩ። ሃሙ ከቀነሰ ዝርጋታው ደህና ነው። ምንም ካልተለወጠ ከብሪጁ ወደ ግራውንድ የሚሄደው ሽቦ ተነቅሏል። ከጨመረ ደግሞ በጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል፤ እነሱን ወደ ቦታቸው መልሱና ፍተሻውን እንደገና ጀምሩ።